አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ዋልያዎቹ በተሸነፉ ማግስት በአዲስ አበባ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚሰማው። ታክሲ ውስጥ "ይውረድ!"፣ ድራፍት ቤት "ይውረድ!"፣ ፀጉር ቤት "ይውረድ!"። ጥግ ይዞ "ኧረ ጎበዝ፣ ትንሽ ጊዜ እንስጠው" የሚል ሰው ቢገኝ "የአሰልጣኙ ዘመድ ነህ እንዴ?" ተብሎ አፉን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ይጦፋል። እገሌ ለምን ተቀመጠ? እገሌ ለምን ገባ? ለምን በሁለት አጥቂ አልተጫወትንም? ወንበር ተገፍቶ፣ ጠረጴዛ ተደብድቦ፣ አንዳንዴም ቡጢ ተሰንዝሮ ሌሊቱ ይጋመሳል። እንዲወርድ የሚፈለገው ሰው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ስሙ ጭራሽ የማይነሳው ማን እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም።

እኔ ኳስ እወዳለሁ። ስለ ኳስ ጽፌ የዕለት እንጀራዬን የምበላበትም ጊዜ አለ። ስለሆነም ደጋፊ ለምን ይቆጣል አልልም። ይቆጣ እንጂ! ከጉሮሮው ቀንሶ ትኬት የሚገዛ፣ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ዝናብና ፀሐይ የሚፈራረቅበት ሰው የመቆጣት መብት ከሌለው ማን ሊኖረው ነው? የእኔ ጠብ ከቁጣው ጋር ሳይሆን ቁጣው ከሚያርፍበት ቦታ ጋር ነው። አበው "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። አህያውን መምታት የፈራ ሰው ዱላውን በጭነቱ ላይ ያሳርፋል። ዳውላ አይራገጥም። ዳውላ አይናከስም። የእኛ ሀገር አሰልጣኝም እንደዚያው ነው።

ማስረጃ አምጣ የሚለኝ ካለ ሩቅ አልሄድም። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ምን ሆኖ ነበር? ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ያሸነፈችንን ሱዳንን አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፈን፣ ከሜዳችን ውጪ ባገባነው ጎል ብልጫ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። የቡድኑ አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ነበሩ። ያን ዕለት ከተማው አልተኛም፤ ሰውዬውም ጀግና ተባሉ። ቀጥሎ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከመጨረሻዎቹ አሥር የአፍሪካ ቡድኖች አንዱ ሆነን ከናይጄሪያ ጋር ተፋጠጥን። ጥቅምት 2006 አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ኅዳር ላይ ካላባር 2 ለ 0 ተሸነፍን። ጥር ላይ ደግሞ በደቡብ አፍሪካው የቻን ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ አንድም ጎል ሳናገባ ተሸንፈን ተመለስን። ከዚያማ ምን ይጠየቃል! ትናንት በትከሻችን ካልተሸከምናቸው ያልናቸው ሰው በዚያው ዓመት ተሰናበቱ።

ከእሳቸው በኋላስ? ማሪያኖ ባሬቶ ከፖርቱጋል መጡ፤ ሄዱ። ዮሐንስ ሳህሌ መጡ፤ ሄዱ። ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፤ እነሱም መጡ፣ ሄዱ። ከዚያ ውበቱ አባተ ያዙትና በ2013 ዓ.ም. እንደገና ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። በጥር 2014 ካሜሩን ላይ ያገኘነው ስንት ነጥብ ነው? አንድ። በጥር 2005 በሰውነት ቢሻው ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ላይ ያገኘነውስ? እሱም አንድ! ያኔ ከዛምቢያ 1 ለ 1፣ በኋላ ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በመሀል አምስት አሰልጣኝ አልፎ ነጥባችን ከአንድ ወደ አንድ አደገ። ውበቱም በ2015 ዓ.ም. ከቡድኑ ጋር ተለያዩ። ሐኪም የሚለዋወጥበት ሕመምተኛ ካልዳነ አንድ ቀን እንኳ "ለመሆኑ ሆስፒታሉ መድኃኒት አለው ወይ?" ተብሎ አይጠየቅም እንዴ?

እስቲ እንግዲህ ዕዳውን በየባለቤቱ ስም እንጻፈው።

አንደኛ፦ ሐምሌ 2000 ዓ.ም. ፊፋ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንን አገደ። ምክንያቱ በፌዴሬሽኑ የፕሬዚዳንትነት ወንበር ላይ የተነሳ ጭቅጭቅ ነበር። መስከረም 2001 ላይ ደግሞ ከ2010ሩ የደቡብ አፍሪካ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጭራሽ ተባረርን። ከሞሮኮ፣ ከሩዋንዳና ከሞሪታንያ ጋር በአንድ ምድብ ነበርን፤ የተጫወትነው ሁሉ እንዳልተጫወትን ተቆጠረ። ያንን ዕድል ያሳጣን የትኛው አሰልጣኝ ነው? የትኛው አጥቂ ጎል ስቶ ነው? የትኛው በረኛ ኳስ አምልጦት ነው? ኳሱ ሜዳ ላይ ነበር፤ ጠቡ ቢሮ ውስጥ።

ሁለተኛ፦ ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን በተመሳሳይ ውጤት ስናሸንፍ ወደ መጨረሻው ዙር ያለፍን መስሎን ሀገር ምድሩ ጨፈረ። ጭፈራው ሳያበቃ ፊፋ "ቦትስዋና ላይ ያሰለፋችሁት ልጅ በሁለት ቢጫ ካርድ የተቀጣ ነው" አለ። ጨዋታውን 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተቆጠረ፤ ሦስት ነጥብ ተነጠቅን፤ የ6,000 የስዊዝ ፍራንክ ቅጣትም ተመረቀልን። ፌዴሬሽኑ ራሱ ጥፋቱን አምኗል። ወገን፣ እስከ ሁለት መቁጠር እኮ ነው የተሳነን! ያንን ቀዳዳ የደፈኑት ተጫዋቾቹና አሰልጣኙ ናቸው። ጳጉሜ 2 ቀን ኮንጎ ድረስ ሄደው ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 ባያሸንፉ ኖሮ የናይጄሪያውን ጨዋታ በሕልማችን ነበር የምናየው። ቢሮ የበተነውን ሜዳ ለቀመ ማለት ይሄ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም የሚያመው ነው። ጥር 1954 ዓ.ም. ግብፅን አዲስ አበባ ላይ 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳን ሕዝብ ነን። ከ60 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ያችኑ ግብፅን "በሜዳችን" 2 ለ 0 አሸነፍን። ሜዳችን የት ነበር? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ! ከዚያ በፊት ኅዳር ላይ ጋናን "ያስተናገድነው" ደቡብ አፍሪካ፣ ሶዌቶ ነው። ለምን ቢባል የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን "ስታዲየሞቻችሁ መሥፈርት አያሟሉም" ስላለን ነው። ሰባት ጊዜ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደች ሀገር ስትሸነፍ ልጆቻችን የሰው ሀገር ሜዳ ላይ ጨፈሩ፤ እኛ በቴሌቪዥን። አሁን ደፍራችሁ ንገሩኝ፤ ሲሚንቶ የሚያቦካው፣ የመልበሻ ክፍል ቧንቧ የሚዘረጋው አሰልጣኙ ነው እንዴ?

"ይሄማ የድሃ ሀገር ጣጣ ነው፤ ሠልጥነው የጨረሱትን እያቸው" የሚለኝ አይጠፋም። በየሠፈራችን የአርሴናል ማሊያ ለብሶ የሚሟገተው ወጣት ግን የሠለጠኑትንም ታሪክ ያውቀዋል። አርሰን ቬንገር ለ22 ዓመት ያህል አርሴናልን ሲያሰለጥኑ ሦስት ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን፣ ሰባት ጊዜ የኤፍ.ኤ. ዋንጫን ወሰዱ። በመጨረሻ ግን ደጋፊው ለሁለት ተሰነጠቀ። እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ከዌስት ብሮም ጋር ሲጫወቱ አንዱ ወገን "ቬንገር ይውጣ" የሚል ጨርቅ የሚጎትት አውሮፕላን በስታዲየሙ አናት ላይ አስበረረ። ሌላው ወገን ደግሞ ቬንገርን የሚያወድስ ጨርቅ አንጠልጥሎ ሌላ አውሮፕላን! እኛም ሠፈር አውሮፕላን አጥተን እንጂ ወኔው ነበረን።

በ2018 ሰውዬው ሄዱ። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ቱጃር ስታን ክሮንኬ የቀረውን አክሲዮን ሁሉ ጠቅልለው ገዙ። አንድ ሁለት አክሲዮን ይዘው "የክለባችን ባለድርሻ ነን" ይሉ የነበሩ ተራ ደጋፊዎች ሳይቀሩ፣ ወደዱም ጠሉም፣ ድርሻቸውን ለቀቁ። ስለ ቬንገር መሄድና አለመሄድ ሌሊቱን ሲነታረክ የሚያድር ሰው ሞልቶ አይቻለሁ። ስለዚህኛው ጉዳይ ግን አንድ ሰው ብርጭቆ ሲያንኳኳ አላየሁም። ታዲያ አሰልጣኙ ከሄዱ በኋላ ምን ተፈጠረ? ተተኪው ኡናይ ኤምሪ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ተሰናበቱ። በ2020ም በ2021ም ክለቡ ስምንተኛ ሆኖ ጨረሰ።

ነገሩ የተገለባበጠው በአፕሪል 2021 ነው። የአውሮፓ ሀብታም ክለቦች ባለቤቶች "ሱፐር ሊግ" የሚባል የራሳቸውን ድግስ ሊደግሱ ሲነሱ የእንግሊዝ ደጋፊ አደባባይ ወጣ። የቼልሲ ደጋፊዎች በስታዲየማቸው ደጃፍ መንገድ ዘጉ። በሁለት ቀን ውስጥ ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከጥቂት ቀን በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ የአርሴናል ደጋፊዎች ተሰብስበው "ውጣ!" ሲሉ የጠሩት የአሰልጣኙን ስም ሳይሆን የባለቤቱን ስም ነበር። ልብ በሉ! ያ ሁሉ ዓመት በአሰልጣኝ ላይ የተጮኸው ጩኸት ክለቡን ለሁለት ከመክፈል በቀር ያመጣው ነገር የለም። ወደ ላይ የተጮኸው የሁለት ቀን ጩኸት ግን ቢሊየነሮችን ይቅርታ አስጠየቀ።

"ታዲያ አሰልጣኝ አይጠየቅ ነው የምትለው?" ትሉኝ ይሆናል። አላልኩም። ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ አንድ ጎል ሳያገባ የተመለሰ አሰልጣኝ መጠየቅ አለበት። ነገር ግን ጥያቄ ማለት ፍርድ ማለት አይደለም። ሲቀጠር ምን አድርግ ተባለ? በውሉ ላይ ምን ሰፈረ? ተጫዋቾቹን ከጨዋታው በፊት ስንት ቀን አገኛቸው? ስንት የወዳጅነት ጨዋታ ተዘጋጀለት? ይህ ሁሉ ተሟልቶለት ከወደቀ ይሂድ፤ እኔም ሻንጣውን አግዘዋለሁ። "ይቆይ" ባዮችም ብትሆኑ ከዚህ ሚዛን አታመልጡም። "ባለውለታችን ነው"፣ "የኛው ልጅ ነው" ማለት ማስረጃ አይደለም። "ይውረድ" ባዩም "ይቆይ" ባዩም ሰነዱን ሳያይ ነው የሚፈርደው፤ ሰነዱን የያዘው ክፍል ደግሞ የሁለታችሁን ጠብ በመስኮት እያየ ቡናውን ይጠጣል።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ አሰልጣኝ ማሰናበት ለአንድ ቢሮ ከሥራዎች ሁሉ ርካሹ ነው። አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ማኅተም፣ አንድ ጋዜጣዊ መግለጫ፤ አለቀ። ስታዲየም ማስተካከል ዓመታት ይፈጃል። የታዳጊዎች ውድድር በየክልሉ ማቋቋም ገንዘብና ትዕግሥት ይጠይቃል። የካርድ መዝገብ በሥርዓት መያዝ እንኳ ሥራ የሚወድ ሰው ይፈልጋል። ታዲያ እኛ በነፃ "ይውረድ!" እያልን ርካሹን ዕቃ ከጠየቅናቸው ውዱን ለምን ይሸጡልናል? የአብዬን ወደ እምዬ ልክክ ይሉታል ይሄን። ደብዳቤው በተጻፈ ቁጥር ንዴታችን ይበርዳል፤ የአዲሱ ሰው ሹመት ይደገሳል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ታክሲ፣ ያው ድራፍት ቤት፣ ያው ቃል።

"ፌዴሬሽኑን የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባዔው ነው፤ እኛ ምን ድምፅ አለን?" የሚለውም መልስ አለው። አሰልጣኙንስ የምትቀጥረው አንተ ነህ እንዴ? አይደለህም። ያም ሆኖ ጮኸህ ታስወርደዋለህ። ጉሮሮህ አንዱን ማስወረድ ከቻለ ሌላውን ቢያንስ ማስጨነቅ ይችላል። በጉባዔው ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ከየክልሉና ከየከተማው የተላኩ ናቸው፤ ከጨረቃ አልመጡም። ሲመለሱ ጠብቆ "ማንን መረጥክ? ስለ ሜዳው ምን ተናገርክ?" ማለት ወንጀል አይደለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሽንፈት ማግስት ድራፍት ቤት ስትገናኙ አንድ ነገር ለመናችኋለሁ። አሰልጣኙን ስደቡ፤ የተለመደ ነው፣ አልከለክልም። ግን ከመበተናችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጨምሩ። የቀጠሩት ሰዎች ምን ቃል ገቡለት? ከቃላቸው ስንቱን ፈጸሙ? ቢባረር የሚባረርበት ምክንያት በጽሑፍ ለሕዝብ ይገለጻል ወይ? እነዚህን ሦስቱን በስታዲየምም፣ በሬዲዮም፣ በጋዜጣም ደጋግሞ የሚጠይቅ ደጋፊ ሲኖር አሰልጣኙም ይቆይ ይሂድ የሚለው መልስ ራሱ ፍንትው ብሎ ይወጣል።

እስከዚያው ዳውላውን መደብደባችንን እንቀጥላለን። አቧራው ይቦናል፣ ክንዳችን ይደክማል። አህያው ግን ሣሩን እየጋጠ ነው።