ፍሪጅ ውስጥ ያለው ወተት የማን ነው?



በልደታ ኮንዶሚኒየምና ከዚያ ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ሁለትና ሦስት ሆነው ቤት የተከራዩ እህቶች አሉን። ከመካከላቸው ባሏ ክፍለ ሀገር ሥራ ላይ ሆኖ ልጇን ይዛ የምትማር አለች። ጠዋት ልጇን ለእናቷ፣ ለሞግዚት ወይም የዚያን ቀን ክላስ ለሌላት ጓደኛዋ አደራ ትሰጥና ትወጣለች። ልጁ እስክትመለስ የሚጠጣው ሌሊት ታልቦ ፍሪጅ የገባውን የጡት ወተት ነው። ፍሪጁ ደግሞ የጋራ ነው። ሁለት እናቶች በሚኖሩበት ቤት የሁለቱም ወተት አንድ መደርደሪያ ላይ፣ በተመሳሳይ ባዶ የማር ጠርሙስ፣ ያለ ምንም ምልክት ተደርድሮ ይገኛል።

የኔ አቋም ቀላል ነው፤ ታልቦ የሚቀመጥ የጡት ወተት ሁሉ የእናቲቱ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍበት። ቀኑና ሰዓቱ ለሕፃኑ ሆድ ነው። ስሙ ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ኒካሕ ነው።

በመጀመሪያ ለምን እዚህ እንደደረስን እንይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣታል። የዓለም ጤና ድርጅትም የሀገራችን ጤና ሚኒስቴርም ሕፃን 6 ወር እስኪሞላው ከጡት ወተት ሌላ ውኃ እንኳ እንዳይሰጠው ይመክራሉ። ቁርኣን ደግሞ በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 233 ማጥባቱን ሙሉ ማድረግ ለሚሻ ወሰኑን ሁለት ዓመት አድርጎ አስቀምጧል። ሦስት፣ ስድስት፣ ሃያ አራት ወር። አዋጁ የሚናገረው ስለ ሠራተኛ ስለሆነ ተማሪዋ ሦስቱም የላትም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት 6 ወር ካልሞላቸው የሀገራችን ሕፃናት በጡት ወተት ብቻ የሚያድጉት 59 በመቶ ነበሩ።

ክፍተቱን የምትሞላው ወይ ዱቄት ወተት ገዝታ፣ ወይ ትምህርቷን አቋርጣ፣ ወይ ወተቷን አልባ በማስቀመጥ ነው። የዱቄት ወተትን ዋጋ ፋርማሲ ገብቶ የጠየቀ ያውቀዋል። ትምህርት ማቋረጥን እንደ ቀላል ምክር የሚያቀርቡ ወንድሞች አጋጥመውኛል፤ ራሳቸው አንድ ኮርስ ሲደግሙ የሚሆኑትን አይቻለሁና ምክራቸውን አልቀበልም። ስለዚህ የቀረው ሦስተኛው ነው።

ማለብ መሣሪያ የግድ አይፈልግም። እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ አውራ ጣትንና አመልካች ጣትን በጠቆረው የጡት ክፍል ጠርዝ ላይ ፊት ለፊት አድርጎ፣ መጀመሪያ ወደ ደረት ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ከዚያ ለቀቅ ማድረግ ነው። ጣት ቆዳ ላይ አይንሸራተትም፤ የጡት ጫፍም አይጎተትም። ለሁለቱም ጡቶች ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ዕቃው ክዳን ያለው ብርጭቆ ወይም ለምግብ የተሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ይሁን። ሃይላንድ አይሆንም፤ አፉ ጠባብ ስለሆነ ውስጡ በደንብ አይታጠብም፣ ሲቀቀልም ይጨማደዳል። ዕቃው በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ በራሱ ይድረቅ፤ በፎጣ አይወልወል። ልጁ 2 ወር ያልሞላው ወይም ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ ዕቃው በየቀኑ ይቀቀል።

የሚቆይበትን ጊዜ በቃል መያዝ አይከብድም። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ ለ4 ሰዓት፤ በ4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ለ4 ቀን፤ ፍሪዘር ውስጥ ለ6 ወር። ፍሪዘር ውስጥ እስከ 12 ወርም ይቆያል፤ ጥራቱ ግን ይቀንሳል። አንዳንድ የጤና መጻሕፍት በጣም ንጹሕ ሆኖ ለታለበ ወተት ክፍል ውስጥ እስከ 6 ወይም 8 ሰዓት ይፈቅዳሉ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር «በጣም ንጹሕ» በሚለው ላይ ባንመካ ይሻላል። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቀዝ ያለ ነው ብለንም አንዘናጋ፤ በመጋቢት ቀትር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለች ክፍል ሌላ አገር ናት። ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ ወተቱ ወደ ኋላ ይግባ፤ በሩ ላይ አይቀመጥ፤ በር በተከፈተ ቁጥር ይሞቃልና።

ሰዓቱን ስትጽፉ በሀገርኛው ይሁን በስልኩ አቆጣጠር አስቀድማችሁ ተስማሙ። «7:00» ብቻ የተጻፈበት ወተት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የታለበ ይሁን ቀን ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሞግዚቷ በምን ታውቃለች?

መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ሥራ ፍሪጁን አለመክፈት ነው። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ የሞላ ፍሪዘር ለ48፣ ግማሽ የሆነ ደግሞ ለ24 ሰዓት ያህል ይቆያል። ሃይላንዱ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ጫፉ ድረስ ሳይደርስ ውኃ ተሞልቶ የፍሪዘሩን ባዶ ቦታ ይያዝ። መብራቱ ሲመጣ ወተቱ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ካለ እንደገና ሊረጋ ይችላል። ጨርሶ የቀለጠው ግን ተመልሶ ወደ ፍሪዘር አይገባም፤ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠጣ።

ወተቱ ሲቀመጥ ቅባቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከሥር የቀረው ውኃ ይመስላል። እናቶቻችንና ሞግዚቶች «ተበላሽቷል» ብለው የሚደፉት ይህን እያዩ ነው። አልተበላሸም፤ ጠርሙሱን ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ ይበቃዋል። ማሞቅ የሚፈልግ ጠርሙሱን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ያቁመው። ምድጃ ላይ አይጣድም፤ ማይክሮዌቭ ውስጥም ፈጽሞ አይገባም፤ ወተቱን እኩል ስለማያሞቀው የልጁን አፍ ያቃጥላል። ጡጦ ከመግዛት ደግሞ የቡና ሲኒ ይሻላል። ሲኒ ለመታጠብም ለመቀቀልም ይቀላል፤ ልጁ ቀና ብሎ ተይዞ ከንፈሩ ላይ ይደረግለትና ራሱ ይልሳል፣ አፉ ውስጥ አይገለበጥበትም። ጠጥቶ የተረፈው ከ2 ሰዓት በላይ ስለማይቆይ ወተቱ ከመጀመሪያውም ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር እየሆነ በትንሽ በትንሹ ቢቀመጥ ይመረጣል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተነሥታ ያለበች እናት ጥቂት ጠብታ ሲደፋ የሚሰማትን እሷ ብቻ ታውቃለች።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ።

ረዷዕ በኒካሕ ጉዳይ እንደ ሥጋ ዝምድና ነው። ሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 23 ለጋብቻ እርም ከሆኑት መካከል የጡት እናትንና የጡት እህትን ይቆጥራል። በሀገራችን ብዙዎቻችን በምንከተለው የሻፊዒይ መዝሀብ ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አምስት የተለያየ ጊዜ ከጠባ ዝምድናው ይጸናል፤ ሐንበሊዮችም ዘንድ እንዲሁ ነው። ሐነፊዮችና ማሊኪዮች ግን አንዱም ይበቃል ይላሉ። ከጡት በቀጥታ መጥባትና ታልቦ በሲኒ መጠጣት ደግሞ ለብዙኃኑ ዑለማእ ልዩነት የላቸውም። ከጡት በቀጥታ ካልሆነ አይቆጠርም ያሉት ኢብን ሐዝምና ጥቂቶች ናቸው።

ይህን ይዘን ወደዚያ የጋራ ፍሪጅ እንመለስ። አንዱ ልጅ አለቀሰ፤ ሞግዚቷ እጇ የገባላትን ጠርሙስ አነሣች። በማግስቱም፣ በሳምንቱም እንዲሁ ሆነ። አምስት ለመሙላት ወር አይፈጅም። ልጁ ለዚያች እናት ልጅ፣ ከእሱ በፊት ለወለደቻቸውም ገና ለምትወልዳቸውም ወንድም ሆነ፤ ባሏም የጡት አባቱ ሆነ። ይህንን የሚያውቅ ግን አንድም ሰው የለም። ሁለቱ እናቶች ይመረቃሉ፣ አንዷ ደሴ፣ አንዷ ጅማ ትሄዳለች። ልጆቹ ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ግቢ ሲገናኙ ማን ይነግራቸዋል?

ነገሩ የተጋነነ የሚመስለው ካለ የዑቅባ ኢብን አል-ሐሪስን (ረ.ዐ) ታሪክ ያንብብ፤ ቡኻሪይ ዘግበውታል። ዑቅባ ካገባ በኋላ አንዲት ሴት መጥታ እሱንም ሙሽራይቱንም እንዳጠባች ነገረችው። እሱ ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ከመካ ተነሥቶ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ለመጠየቅ መዲና ድረስ ሄደ፤ መልሱን ይዞም ተለያዩ። እዚያ ቤት ውስጥ ክፉ የሠራ ሰው አልነበረም። ማን ማንን እንዳጠባ አስቀድሞ ለሚመለከታቸው አልተነገረም፣ ያ ብቻ ነው።

የሚሳሳቱበትም አለ። ዝምድናው የጠባውን ልጅ ብቻ ይመለከታል፤ ወንድሞቹና እህቶቹ ከዚያ ቤት ጋር አይዛመዱም። ረዷዕ አያወራርስምም። በሀገራችን ባህል ደግሞ ትልቅ ሰው ማር የተቀባ ጣት ጠብቶ «የጡት ልጅ» ይባል ነበር፤ ያ በፊቅህ ኒካሕን የሚከለክል ዝምድና አይፈጥርም፣ የሁለት ዓመቱ ዕድሜ ስላለፈ።

ለሌላ ልጅ ወተት መስጠትን እየተቃወምኩ አይደለም። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የጡት እናት ሐሊማ አስ-ሰዕዲያ ናት። የሐሊማን ልጅ ሸይማን ከሑነይን በኋላ ሲያገኟት ልብሳቸውን አንጥፈው ነበር ያስቀመጧት። የሚያስፈልገው ታስቦና ታውቆ መሰጠቱ ነው። ሁለቱ ባሎች ይወቁ፤ ስሙና ቀኑ ተጽፎ በሁለቱም ቤት ይቀመጥ፤ ዝርዝሩ የሚታመን ዓሊም ይጠየቅበት። ምርመራም ይቅደም፤ ኤች አይ ቪ በጡት ወተት ይተላለፋልና «እህቴ ናት፣ አውቃታለሁ» ማለት ምርመራን አይተካም።

ዓለም ላይ ያለው የወተት ባንክ ክርክርም የሚዞረው እዚሁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሸይኽ ዩሱፍ አል-ቀረዷዊይ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ሲባል ባንኩን ፈቀዱ። በ1985 ጂዳ ላይ የተሰበሰበው የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በሙስሊም አገሮች እንዳይቋቋም ወሰነ፤ ዋነኛ ሥጋቱ ወተቱ ተቀላቅሎ የዝምድናው መስመር መጥፋቱ ነበር። በሁለቱ አቋሞች መካከል መፍረድ የኔ ድርሻ አይደለም። የራሳችን ፍሪጅ ግን ምንም ስም የሌለው ትንሽ የወተት ባንክ እንዳይሆን ማድረግ እንችላለን።

ወንድሞች ይህን ገጽ «የእህቶች ነው» ብላችሁ እንዳትገለብጡት። የሱረቱል በቀራው አንቀጽ የእናቲቱን ቀለብና ልብስ በአባት ላይ ነው የጣለው። ጠርሙስ መቀቀል፣ ፍሪጁን መፈተሽ፣ ጊዜው ያለፈበትን መለየት ከዚያ የራቀ አይመስለኝም።

ከግቢያችንም የምንጠይቀው አለ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሴት ሠራተኞቻቸው የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ያዝ ነበር። ለሠራተኛዋ የታሰበው ለተማሪዋም እንዲከፈት መጠየቅ ድፍረት አይሆንም። ዛሬ እህቶቻችን በክላስ መሃል የሚያልቡት ሽንት ቤት ውስጥ ቆመው ነው፤ ምግብ የሚዘጋጅበት ቦታ አይደለም። በውስጥ የሚቆለፍ አንዲት ክፍል፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ወንበርና ትንሽ ፍሪጅ ይበቃል። ጥያቄውን ጀመዓችን ለብቻው ሳይሆን ከሌሎች ተማሪ እናቶች ጋር ሆኖ ቢያቀርበው እመርጣለሁ፤ ክፍሉ ለክርስቲያኗም ለሙስሊሟም እኩል ያስፈልጋልና። ክፍሉ ሲገኝ የፍሪጁ በር ላይ መዝገብ ይንጠልጠል፣ ያስገባችውም ያወጣችውም እየፈረመች።

እስከዚያው የሚያስፈልገው የቁስል ፕላስተርና እስክሪብቶ ነው። ፕላስተሩ ቅዝቃዜ ውስጥ እንዳይላቀቅ ጠርሙሱ ደረቅ ሳለ፣ ወተቱ ከመቀዳቱ በፊት ይለጠፍ፤ ክዳኖች ስለሚቀያየሩም ክዳኑ ላይ ሳይሆን ጠርሙሱ ጎን ላይ ይሁን።