«ፔኒሲሊን አይስማማውም» ያለው ማን ነው? አለርጂን የሚያጣራ ሐኪም ሲጠፋ የሚመጣ ችግር

በእርስዎ ወይም በልጅዎ የሕክምና ካርድ ላይ «የፔኒሲሊን አለርጂ አለበት» የሚል በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ ይሆን? ከተጻፈ ማን እንደጻፈው፣ ምን አይቶ እንደጻፈውስ ያስታውሳሉ? አብዛኛው ሰው አያስታውስም። ጽሑፉ ግን ከካርድ ወደ ካርድ እየተገለበጠ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል።

በእንግሊዝ አገር ይህን ጥያቄ እንዲያጣራ የተመደበ ሐኪም አለ። የኢሚዩኖሎጂና አለርጂ ኮንሰልታንት ይባላል። የሰውነት መከላከያቸው ያለ ምክንያት የሚቆጣባቸውን፣ እንዲሁም መከላከያቸው ደክሞ በተደጋጋሚ በኢንፌክሽን የሚታመሙትን ያክማል። ከሥራው አንዱና ብዙም የማይወራለት ደግሞ በስህተት «አለርጂ» የተባሉ ሰዎችን እየመረመረ ያንን ስም ከካርዳቸው ላይ ማንሳት ነው።

ጉለሌ ክፍለ ከተማ የሆስፒታል ድሃ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ነው። በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የሚታወቀው ቅዱስ ጴጥሮስም እዚሁ ነው። ሰፈሩ ዛሬም «ፓስተር» የሚለው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ከጳውሎስ አይርቅም። ሆኖም ራሱን የቻለ የአለርጂ ክፍል በአገራችን ሆስፒታሎች የተለመደ ስላልሆነ ታካሚው የሚላከው እንደ ምልክቱ ነው። የሚያሳክከው ሰው ወደ ቆዳ ሐኪም፣ ብዙ ጊዜም ወደ አለርት ይሄዳል። የሚያስነጥሰው ወደ አንገት በላይ ሐኪም፣ አስም ያለበት ወደ ውስጥ ደዌ ወይም ወደ ሳንባ ሐኪም ይላካል። የሳንባ ሕክምናም ቢሆን በአገር ውስጥ በስፔሻሊቲ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በቅርቡ ነው፤ በጥቁር አንበሳ ሥልጠናው የተከፈተው በ2013 እ.ኤ.አ. ነበር።

ለአስምና ለቆዳ ይህ አሠራር ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው የመድኃኒት አለርጂ ላይ ነው፤ የመድኃኒት አለርጂ የማንም ክፍል አይደለምና። ከሁሉም በላይ የሚጎዱት ደግሞ የልብ ታካሚ ልጆች ናቸው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በአገራችን ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን ለልብ ሕመም የሚዳርገው በቶንሲል ሕመም የሚጀምረው የሩማቲክ በሽታ ነው። ጉሮሮን ያጠቃው ባክቴሪያ የልጁን መከላከያ ሲያስቆጣው መከላከያው ተሳስቶ የራሱን የልብ ቫልቭ ያጠቃል። ይህ ሲደጋገም ቫልቩ ይበላሻል። እንዳይደጋገም የሚያደርገው ዋናው መድኃኒት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፤ ለዓመታትም ይቀጥላል። አንድ ቀን በችኮላ የተጻፈ «አለርጂ» ይህን መርፌ ያስቆማል። በምትኩ በየቀኑ የሚዋጥ ሌላ መድኃኒት ይታዘዛል። ለዓመታት በየቀኑ ኪኒን መዋጥ ለትልቅ ሰው እንኳ ከባድ ነው፤ ለ10 ዓመት ልጅማ አይወራ።

ካርዱ ንጹሕ ሆኖም መርፌውን የሚወጋ ሰው የማያገኙ ቤተሰቦች አሉ። ባለሙያው ታካሚው እጄ ላይ ይሞትብኛል፣ ከዚያም እጠየቃለሁ ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱን አልንቀውም፤ ሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ በእርግጥ አለ። መጠኑን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ የብዙ አገሮች ጥናት 1,790 ታካሚዎች የወሰዱትን 32,430 መርፌ ተከታትሎ ከባድ አለርጂ ያገኘው በ4 ሰዎች ላይ ነው፤ ከእነርሱም አንዱ ሞቷል። መርፌው የሚከላከለው በሽታ ከዚህ እጅግ የበለጠ ይገድላል።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ደግሞ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። ከመርፌው በኋላ ከሚደርሰው ሞት ከፊሉ ጨርሶ አለርጂ ላይሆን ይችላል። ልቡ ክፉኛ የተጎዳ ታካሚ በሕመሙና በድንጋጤው ምክንያት የደም ግፊቱ ሲወርድ ልቡ መቋቋም ያቅተዋል። ስለዚህ ማኅበሩ ቫልቩ በጣም ለተበላሸ ወይም የልብ ድካም ምልክት ላለበት ሰው በመርፌው ፋንታ የሚዋጥ ፔኒሲሊን እንዲታሰብለት ይመክራል። ለሌሎቹ ምክሩ ቀላል ነው፤ ልጁ ጾሙን አይሂድ፣ ትንሽ ይብላ፣ ውኃ በደንብ ይጠጣ፣ ተኝቶ ይወጋ። በችኮላና በቁም መውጋት ይቅር።

እንግዲህ እርስዎ በመጀመሪያ የሚጠየቁት ታሪኩን ነው። በወሰዱ በ1 ሰዓት ውስጥ ሰውነትዎ እንደ ሳማ አብጦ አሳከከዎት? ከንፈርዎ ወይም ዓይንዎ አበጠ? ትንፋሽ አጠረዎት? ራስዎን ሳቱ? እነዚህ የአለርጂ ምልክቶች ናቸው። ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ግን አለርጂ አይደሉም፤ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ናቸው። ልጅ ትኩሳት ይዞት አሞክሳሲሊን ሲጀምር የሚወጣው ሽፍታም ብዙ ጊዜ የቫይረሱ እንጂ የመድኃኒቱ አይደለም። በአደጉት አገሮች «የፔኒሲሊን አለርጂ አለብኝ» ከሚሉ 10 ሰዎች 9ኙ ሲመረመሩ መድኃኒቱን ያለ ችግር መውሰድ እንደሚችሉ ይታወቃል። እውነተኛ አለርጂ የነበረባቸውም ቢሆኑ አብዛኞቹ በ10 ዓመት ውስጥ ይለቃቸዋል።

በጤና ጣቢያ ክንድ ላይ የሚደረገው «ቴስት»ስ? ይረዳል፤ ነገር ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ፔኒሲሊኑ በሚገባ ካልቀጠነ ቆዳውን ራሱ አቃጥሎ ሊያቀላው ይችላል። ከጎኑ ንጹሕ ጨው ውኃ ተወግቶ ካልተነጻጸረም ለማመን ያስቸግራል። ታሪካቸው ቀላል ለሆነ ሰዎች ዛሬ በብዙ አገሮች የሚደረገው በሐኪም ክትትል ሥር አሞክሳሲሊን አውጦ ቢያንስ 1 ሰዓት መጠበቅ ነው። ይህን ለማድረግ የግድ የአለርጂ ኮንሰልታንት አያስፈልግም። አድሬናሊን ያለውና መጠቀም የሚችል ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ይበቃል፤ ጉለሌ ውስጥ ይህ አይታጣም። የጎደለው ልማዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቤት ውስጥ ግን ፈጽሞ አይሞክሩት። መድኃኒት ወስዶ ቆዳው እንደ ተቃጠለ የተላጠ፣ አፉና ዓይኑ የቆሰለ ሰው ደግሞ በሆስፒታልም ቢሆን ያንን መድኃኒት ዳግም አይሞክርም።

መርፌ ሲያስወጉ «አድሬናሊን አለ?» ብለው መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ከባድ አለርጂ ከተነሳ ቶሎ ጭን ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው ሕይወት የሚያተርፈው፤ ሃይድሮኮርቲዞን ወይም የማሳከክ መድኃኒት አይተካውም። ከመርፌው በኋላም ለ30 ደቂቃ እዚያው ይቆዩ።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ የመድኃኒቱን ስም፣ የወሰዱበትን ዓመት፣ ምልክቱ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደጀመረ፣ ከዚያ ወዲህም አሞክሳሲሊን ወይም አውግመንቲን ያለ ችግር ወስደው ከሆነ በወረቀት ጽፈው ይያዙ። ሽፍታው በስልክ ፎቶ ከተነሳ ያሳዩት። አለርጂ አለመኖሩ ከተረጋገጠ ደግሞ ውጤቱ ከሐኪሙ ስምና ከቀኑ ጋር በካርዱ ላይ እንዲጻፍልዎት ይጠይቁ፤ አሮጌው ቀይ ጽሑፍም በዚያው ቀን ይሰረዝ።