የከተማ ፍሳሽ ጋዝ የገበሬውም ጉዳይ ነው

የከተማ ፍሳሽ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ሽታውና ዝንቡ ነው። በጅግጅጋ ዙሪያና በደምበል ወረዳ የሚገኙ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ግን ሌላም ነገር ሊያስቡበት ይገባል። ይኸውም ከፍሳሹ የሚነሣው፣ በዓይን የማይታየውና ሽታ የሌለው ሚቴን የተባለው ጋዝ ነው።

ፍሳሽ አየር በማያገኝበት ጥልቅ ኩሬ ወይም ጉድጓድ ሲጠራቀም፣ ዓይነ ምድሩን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት ሚቴን ያወጣሉ። በኩሬው ላይ የሚታየው አረፋ አንዱ ምልክት ነው። ይህ ጋዝ በአየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ያህል ብቻ ቢሆንም፣ በ100 ዓመት ሲሰላ አንድ ኪሎ ሚቴን 28 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያፍነውን ሙቀት ያፍናል።

በአገራችን ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የአዲስ አበባው የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ነው። ጣቢያው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሲሠራ ፍሳሹን በተከታታይ ገላጣ ኩሬዎች እያሳለፈ በፀሐይና በጊዜ ብዛት የሚያጣራ ነበር፤ አቅሙም በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ነበር። ኩሬ ወጪው አነስተኛ ነው፤ ኤሌክትሪክም ሆነ ብዙ ባለሙያ አይፈልግም። ጉድለቱ ክዳን ስለሌለው ጋዙ እንዳሻው መሄዱ ነው። ጣቢያው በኋላ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሲስፋፋ፣ ፍሳሹ በመጀመሪያ አየር በማይገባበት ገንዳ እንዲብላላ ተደረገ። እንዲህ ያለው ገንዳ ጋዙን ከላይ ሰብስቦ ለማቃጠል ወይም ለኃይል ምንጭነት ለማዋል ያስችላል። ሚቴን ሲቃጠል ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለወጥ ጉዳቱ በብዙ ይቀንሳል። ማቃጠያው ተበላሽቶ ከቆመ ግን ወጪው ሁሉ ከንቱ ነው።

በጅግጅጋ አብዛኛው ቤት የሚገለገለው በጉድጓድ መጸዳጃ ነው። ጉድጓዱ ሲሞላ በመምጠጫ መኪና ተመጦ ከከተማ ውጭ ይወሰዳል። ከከተማ ውጭ ማለት ደግሞ የገበሬው ወይም የአርብቶ አደሩ መሬት ነው። ከተማው እየሰፋ በሄደ ቁጥር ለማጣሪያ የሚሆን ቦታ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ መሪዎች ሽታው ወደ መንደር እንዳይመጣ ብቻ አሳስበው ቢፈርሙ በቂ አይሆንም። ኩሬው ክዳን ይኖረው እንደሆነ፣ ጋዙ የት እንደሚሄድ፣ ዝቃጩን ማን እንደሚያነሣውና ፍሳሹ ወደ ጀረር ሸለቆ ወይም ወደ ብርካ እንዳይወርድ ምን እንደታሰበ በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ዝቃጩም ማዳበሪያ ነው ተብሎ በጥሬው ለማሽላ ማሳ ሲታደል ዝም ሊባል አይገባም። የወስፋት እንቁላል በደረቅ ዝቃጭ ውስጥ ብዙ ወራት ይቆያልና።

“ከብቶቻችንስ ያንኑ ጋዝ ያወጡ የለም ወይ?” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በአገሪቱ ከሚወጣው ሚቴን ትልቁ ድርሻ የከብት ነው፤ የፍሳሹ ትንሽ ነው። ነገር ግን የላምን ግሣት መክደን አይቻልም፤ ኩሬን መክደን ግን ይቻላል። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. በሲቲ ዞን ብዙ ከብት የፈጀውን ድርቅ ያባባሰው ኤል ኒኞ ስለነበር በፍሳሽ ማሳበብ ልክ አይሆንም። ይሁን እንጂ ምድር በሞቀ ቁጥር ግጦሹም ኩሬውም ቶሎ ይደርቃል፤ የደምበል አርብቶ አደርም መጸዳጃ ባለው ፎቅ ሳይኖር የፎቁን ዕዳ ይከፍላል።

በገጠሩ መንደር ያለው ሥራ ቀላል ነው። ደረቅ ጉድጓድ ውሃ ከቋጠረ ጉድጓድ እጅግ ያነሰ ሚቴን ያወጣል። በአካባቢው በውሃ መታጠብ ልማድ ስለሆነ የመታጠቢያው ውሃ በጎን በተቆፈረና ጠጠር በተሞላ ሌላ ጉድጓድ እንዲሰርግ ማድረግ፣ በዋናው ጉድጓድ ላይም በየጊዜው አመድ መነስነስ ይቻላል።