ጅብ ከሄደ…

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር አንድ ወዳጄ አለ። አዲስ አበባ ሲመጣ ሰላጣ የሚባል ነገር አይቀምስም። ጎመኑ ካልተቀቀለ፣ ውሃው ካልታሸገ ወይ ፍንክች! እዚያ ሲመለስ ግን የቀዘቀዘ እንጆሪውን ከፍሪዘር አውጥቶ እንዳለ መፍጫ ውስጥ ይጨምርና ግጥም አድርጎ ይጠጣል። ምነው ቢሉት፣ «የታሸገ እኮ ነው!»

ለመሆኑ ያንን እንጆሪ ማን የለቀመው ይመስላችኋል? ማሽን?

እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ በዘጠኝ ክፍለ ግዛቶች 143 ሰዎች ሄፓታይተስ ኤ ያዛቸው፤ ዓይን ቢጫ ሲያደርግ እኛ «የወፍ በሽታ» የምንለው ዓይነት። አብዛኞቹ እዚያው ቨርጂኒያ ናቸው። የጠጡት ከግብፅ በመጣ የቀዘቀዘ እንጆሪ የተሠራ ስሙዚ ነው። ሻጩ እንጆሪውን ያነሳው በኦገስት ሲሆን አምራቹ «ዕቃዬን ከገበያ ሰብስቡልኝ» ያለው በኦክቶበር ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ አይደል?

እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር «አያችሁ፣ ቁጥጥሩ ይሠራል» የሚሉ አሉ። እስቲ እንቁጠር። በሽታው ሰውነት ውስጥ ገብቶ እስኪታይ ከ15 እስከ 50 ቀን ይወስዳል። የበላ ሰው ክትባቱ የሚጠቅመው በ14 ቀን ውስጥ ከወሰደው ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ታማሚ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን የእሱ ጊዜ አልፏል ማለት ነው። ቅዝቃዜ ደግሞ ቫይረሱን አይገድለውም፤ ለወራት ጠብቆ ያስረክባችኋል እንጂ።

ከዚያ ጣት መቀሰር ይመጣል። በ2012 ጀርመን ውስጥ ወደ 11 ሺህ ሰው፣ አብዛኛው ተማሪ፣ በኖሮቫይረስ ሲታመም የቻይና እንጆሪ ተባለ። በ2013 አሜሪካ ውስጥ 165 ሰው ሲታመም የቱርክ ሮማን። በ2016 ግብፅ፣ በ2023 ሜክሲኮ። ሀገሩ ይቀያየራል፣ ነገሩ ግን አንድ ነው፦ ቫይረሱ የሚመጣው ከሰው ዓይነ ምድር ነው፣ ባልታጠበ እጅ ወይም በቆሸሸ ውሃ። ታዲያ መጠየቅ ያለበት ለቃሚው እማሳው አጠገብ ሽንት ቤት አለው ወይ? ሳሙናና ውሃስ? አሞት ቢቀር የዕለት ክፍያው ይቀርበታል ወይ? ነው። ማስታወቂያው የከረጢቱን ቁጥር ይነግረናል፤ ስለዚህ አንዲት ቃል አይተነፍስም። በኪሎ ሳንቲም ለማስቀነስ የሚከራከር ገዢ ድርጅት፣ ስለ ሽንት ቤቱ መጠየቅ እንዴት ከበደው?

እስከዚያው እኔን ደስ ያሰኘኝ የአየርላንድ የምግብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው። ከ2013 ወዲህ፣ ከውጭ የመጣ የቀዘቀዘ እንጆሪና ዘመዶቹን ለአንድ ደቂቃ አፍልታችሁ ብሉ ይላል። አቤት ግልጽነት! ልክ እንደ እናቶቻችን።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ልጆችህን አስከትብ፣ እንጆሪህንም አፍላ። ሰላጣችንን ያየህበትን ዓይን ደግሞ ለከረጢቱም አትንፈገው።