እንዝርት የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1968 ስቱዋርት ብራንድ የተባለ አሜሪካዊ «ሆል ኧርዝ ካታሎግ» የተሰኘ ትልቅ መጽሔት በካሊፎርኒያ ማሳተም ጀመረ። መጽሔቱ ለየትኛው ሥራ የትኛው መሣሪያ እንደሚሻል፣ ዋጋው ስንት እንደሆነና ከየት እንደሚገኝ ይጠቁም ነበር። ከአንባቢዎቹ ብዙዎቹ የወላጆቻቸውን አኗኗር ትተው፣ ከከተማ ወጥተው፣ በማኅበር ራሳቸውን ችለው ሊኖሩ የተነሡ ወጣቶች ነበሩ። ቤት መሥራቱንም ሽመናውንም ከወረቀት መማር ነበረባቸው፤ ቤት ውስጥ ያሳያቸው አልነበረማ!

በእኛ ፎገራ ደግሞ በ1964 ዓ.ም. ዙምራ ኑሩ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆነው አውራ አምባን መሠረቱ፤ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ። መሬታቸው ጠባብ ስለሆነ ኑሯቸውን በሽመናና በወፍጮ ደገፉ። እነሱም ከወግ ወጥተዋል፤ ግን ካታሎግ አላስፈለጋቸውም። እንዝርቱም ሞፈሩም ከድሮም በአገሩ ነበር። የለወጡት መሣሪያውን የሚይዘውን ሰው ነው፤ እዚያ ወንዱ ይፈትላል፣ ሴቷ ትሸምናለች፣ ታርሳለች።

ይህን ያነሣሁት ስለ እናቴ ብዬ ነው። ሰባ ዓመት አልፏታል፤ እንደ እሷ ቀጭን ፈትል የሚፈትል በሰፈራችን የለም። ዓይኗ ግን እየደከመ ነው። ትልቋ ልጄ ርቃ ትማራለች። አጠገቧ ቁጭ ብሎ «እማማ፣ አሳይኝ» የሚላት የአሥራ አንድ ዓመቱ ወንድ ልጄ ነው። በቅርቡ አንድ ዘመዳችን አይተውት «ወንድ ልጅ ደግሞ እንዝርት ያዘ?» ብለው ሲስቁ፣ ልጁ አፍሮ አስቀመጠው። እናቴ እንዝርቱን አንሥታ መልሳ ሰጠችው፤ «ና የኔ ልጅ፣ ዓይኔ ሳለ ተማር» አለችው።

እኔም ዝም ብዬ አላለፍኩም፤ ለዘመዳችን ቡና እየቀዳሁ «ሸማኔው ወንድ ሆኖ ፈታዩ ወንድ ቢሆን ምን ነውር አለው?» አልኳቸው። ፈገግ ብለው ዝም አሉ።

ወላጆች፣ አያቶች፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለልጆቻችሁ አንድ ደብተር ስጧቸው። ጥጡ እንዴት እንደሚዳመጥ፣ በደጋን እንዴት እንደሚነደፍ፣ ባዘቶው እንዴት ፈትል እንደሚሆን አያታቸውን እየጠየቁ ይጻፉ። ደብተሩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የክር ቅጥነት የሚታወቀው በጣት ነው። ስለዚህ ወንዱም ሴቷም አጠገቧ ይቀመጡ። ለመማር የመጣውን ልጅ፣ ወንድ ነህ ብለን አንመልሰው።