የጓሮ ቅቅልና የሹማምንት ምሽት

ሹማምንቶቻችን አዲስ አበባ እንድታመሽ ወስነዋል። እሰየው! በ2017 ዓ.ም የከተማው አስተዳደር በኮሪደር ልማት በተሠሩ መንገዶች ዳር ያለ ሱቅና ምግብ ቤት እስከ ምሽቱ 3፡30 ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ደንብ አወጣ። ገበያ ኖረም አልኖረም ነጋዴው መብራቱን አብርቶ ይቀመጥ ተባለ። ከተማ በትእዛዝ ስትተኛ ከዚህ በፊት አይተናል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ታውጆ፣ ጭፈራ የወደደ ሰው በር ተዘግቶበት እስኪነጋ እዚያው ሆቴል ያድር ነበር። ከተማ በትእዛዝ ስታመሽ ደግሞ ይኸው የእኛ ዘመን አሳየን።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ማንም ሳያዛት፣ ማንም ደንብ ሳያወጣላት በራሷ ጊዜ ስታመሽ የኖረችው አዲስ አበባ የት ሄደች? ጓሮ ነበረቻ! ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቅያስ ውስጥ። ፊት ለፊቱ አምሽ እየተባለ በታዘዘበት ዘመን ያንን ጓሮ ዶዘር እየበላው ነው።

ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ባለፈው ቅዳሜ ያየሁትን ላጫውታችሁ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ አንድ የታክሲ ሾፌር ወዳጄ ከሃያ ሁለት ወደ ቺቺኒያ በሚያወጣው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ይዞኝ ገባ። ታፔላ የለ፣ ምልክት የለ። የቆርቆሮ አጥር ላይ የተንጠለጠለች አንዲት አምፖል ብቻ። አምፖሏ ከበራች ቅቅል አለ፤ ከጠፋች አልቋል ማለት ነው።

ቤቱ ቢጨናነቅ 9 ሰው ይይዛል። ወንበሩ የቢራ ሳጥን፣ ጠረጴዛው የአሮጌ በር ሳንቃ ነው። ባለቤቷን ሁሉም “እትዬ” ይሏቸዋል። የሚሸጡት አንድ ነገር ነው፤ የበግ ቅቅል። ሌላ የጠየቀ “ሆቴል ሂድ” ይባላል። ስልክ የሚያወራ ሰው አይስተናገድም። ቅልጥሙን ሳይመጥ የተነሣ ደግሞ በሌላ ቀን ሲመጣ ቅልጥም አይደርሰውም። መቅኔው አልወጣ ካለ እትዬ ራሳቸው መጥተው አጥንቱን ሳንቃው ላይ ገጭ ገጭ ያደርጉታል። በእርድ ቢጫ የሆነው መረቅ ቃሪያና ዝንጅብል ይሸታል፤ እንፋሎቱ ዓይን ይጋርዳል። ያመሸውን መጠጥ ከሆድ ጠራርጎ የሚያወጣ መረቅ ነው።

በስተቀኜ የሌሊት በረራ ሻንጣ ጭኖ ከቦሌ አየር ማረፊያ የወጣ ሠራተኛ፣ በስተግራዬ ካፖርቱን ያላወለቀ ጥበቃ፣ ከፊቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን የምታሳርፍ የናይት ክለብ አስተናጋጅ፣ ጥግ ላይ ማሲንቆውን በነጠላ የጠቀለለ አዝማሪ። ውድ መኪናውን አስፋልት ዳር አቁሞ የመጣ ባለሀብትም አለ። የሁሉም ሳሕን አንድ ዓይነት ነው። “እዚህ ሚኒስትርም ቢመጣ ሳጥን ላይ ነው የሚቀመጠው” አሉኝ እትዬ።

“እትዬ፣ ቤቱ የማን ነው?” አልኳቸው።

“የቀበሌ ነው። በስሙ የተከራየው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ከሱ ነው የተከራየሁት። ሰሞኑን ሜትር ይዘው መጡና ለክተው ሄዱ። ስሜን የጠየቀኝ ግን የለም፣ ልጄ።”

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው! አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ የቀበሌ ቤት ተከራይ በመዝገብ ይታወቃል፤ ሲነሣ ምትክ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ይባልለታል። የካሳው አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ነገሩን የሚጀምረው ከመሬት ባለይዞታው ነው። ከተከራይ የተከራየችው ሴትዮስ? ግድግዳው ይለካል፣ ምድጃው አይቆጠርም። በዚያ ምድጃ ግን ልጆች ተምረዋል፣ ዕቁብ ተጥሏል፣ እናት ተጦሯል።

ስም ያለውስ መች ተረፈ? ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም ስትፈርስ ፈንድቃም አብሮ ፈረሰ። ከአዝማሪ ቤትነት ተነሥቶ፣ በውዝዋዜኛው መላኩ በላይ እጅ ስሙ ባሕር ማዶ የተሻገረ ቤት ነበር። ለፈንድቃ የውጭ ጋዜጠኛ ሳይቀር ጮኸለት። ነዋሪው ገላን ጉራ ተወሰደ። ለእትዬ ማን ይጮህላቸዋል? ገላን ጉራ ቢወሰዱስ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ማን መጥቶ ቅቅል ይበላል? የምሽት ገበያ ከሰፈሩ ከተነቀለ የሚጸድቅ ችግኝ አይደለም።

“ልማት ነው!” የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ታዲያ ቶኪዮ አልለማችም? ሹማምንቶቻችን ውጭ ሲወጡ ፎቁን ያያሉ፣ ከፎቁ ጀርባ ግን አይዞሩም። ሺንጁኩ በሚባለው የቶኪዮ ሰፈር፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጥቁር ገበያ የበቀሉ ጠባብ ቅያሶች ዛሬም ቆመዋል። ሌሊቱን ራመን ይበላባቸዋል። ራመን ማለት ልጆቻችን የሚወዱት የኢንዶሚ የሩቅ ዘመድ ነው። ከቻይና የመጣ፣ ሩዝ በጠፋበት በዚያ የጦርነት ማግሥት በአሜሪካ ስንዴ የተስፋፋ የድኻ መረቅ! እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የመሬት ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ ጎልደን ጋይ የተባለውን ቅያስ ለማስለቀቅ ቤቶቹ ላይ እሳት ይለቀቅ ነበር። ደንበኞቹ ሌሊት ሌሊት ተራ ገብተው ጠበቁት። አሁን ከ200 የማያንሱ ትንንሽ መጠጥ ቤቶች አሉበት፤ ቱሪስት ከዓለም ዙሪያ ሊያየው ይመጣል። ኦሞይዴ ዮኮቾ የተባለው ሌላው ቅያስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 እሳት በላው። ያንኑ ጠባብነቱን ይዞ እንደገና ተሠራ።

ጓሮው ገነት ነው አልወጣኝም። ሽንት ቤቱ ያሳፍራል፤ እሳት ቢነሣ መኪና አይገባም። ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ፣ ከዚያም እስከ ሲኤምሲ የተነጠፈው የእግረኛ መንገድ ያምራል፤ ማታ በመብራት መሄድ ማን ይጠላል? ነገር ግን ፍሳሽ ለጎደለው ሰፈር ፍሳሽ ይሠሩለታል እንጂ ዶዘር አይልኩበትም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሜትር የያዘው ሰው እስክሪብቶም ይያዝ፤ ምድጃ የጣለችውን ሴት ስሟን ይጻፍ። ስትነሣ እዚያው ሰፈር፣ አቅሟ በሚችለው ኪራይ፣ ምድር ቤት ላይ መሥሪያ ይሰጣት። በየወረዳውም ጥቂት ቅያስ ውሃ፣ ፍሳሽና መብራት ገብቶለት እንዳለ ይቅር።

በ3፡30 መብራቱን የሚያጠፋው ፎቅ ነው ወይስ እስከ ንጋት መረቅ የሚያሞቀው ጓሮ ይህችን ከተማ ያስመሻት? ደንብ አውጪዎቹ መልሱን ከፈለጉ አንድ ቀን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ርቧቸው ቦሌ ላይ ይዙሩ!