ዳቦ ቆሎ በዝናብ አገር

ዳቦ ቆሎ ደስ የሚያሰኘው ሲቆረጠም ነው። ከለዘዘ ግን ዳቦም አይደለም፤ ቆሎም አይደለም። ይህንን የምንጽፈው ከሰው ሰምተን ሳይሆን ባለፈው ዐቢይ ጾም በገዛ ቤታችን አፍረንበት ነው።

ቦንጋ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ መሆንዋ የታወቀ ነው፤ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ የተመዘገበው የከፋ ደን ቡናውንና ኮረሪማውን የሚያበቅለው በዚሁ ጠል ነው። ነገር ግን ለቡናው የተመቸ አየር ለቡና ቁርሱ አይመችም፤ ደረቅ ነገር ሁሉ ከአየሩ እርጥበት ይስባልና።

ሴት ልጃችን በአዲስ አበባ ትማራለች፤ ከቦንጋ እስከዚያ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። ሁዳዴ ሲገባ፣ ለ55ቱ ቀን የሚሆን የጾም ምግብ እንደ ልብ እንደማታገኝ ነገረችን። ስለዚህ ቅቤ፣ ወተትና ዕንቍላል ያልነካው ዳቦ ቆሎ ሠርተን፣ በፌስታል ቋጥረን በአውቶቡስ ላክንላት። ከሦስት ቀን በኋላ ደውላ፣ «እማዬ፣ ይታኘካል እንጂ አይቆረጠምም» አለች። ለስንቅ የታሰበው ነገር ለሐዘን ሆነ።

መጀመሪያ ዱቄቱን ወቀስን። ጥፋቱ ግን የእኛው ነበር። እሳቱን ስላበዛን ላዩ ቶሎ ሲቀላ ውስጡ ውኃ እንደ ያዘ ቀረ፤ ያም ውኃ ውሎ አድሮ ወደ ላይ ወጥቶ ቅርፊቱን አለዘዘው። ደግሞም አውቶቡሱ እንዳያመልጠን ቸኩለን ትኩሱን ስለ ቋጠርነው፣ እንፋሎቱ በፌስታሉ ውስጥ ጤዛ ሆኖ ተመለሰበት።

ሁለተኛ ስንሠራ ዱቄቱን ከጨው፣ ከጥቂት በርበሬና ተፈልፍሎ ከተወቀጠ ኮረሪማ ጋር ደባልቀን በዘይት አሸነው። ውኃውንም በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርን ጠንከር አድርገን አቦካነው፤ ውኃ የበዛበት ሊጥ ለማድረቅ ያስቸግራልና። ከዚያም ከእርሳስ ሳይወፍር እንደ ገመድ እያንከባለልን፣ ሽንብራ የሚያህል እየቈረጥን አሰናዳነው። መጠኑ እኩል ካልሆነ ትንሹ ሲያር ትልቁ ጥሬ ይቀራል። በምጣድ ላይ ሳሳ አድርገን በትነን፣ በለዘብተኛ እሳት እጃችንን ሳናሳርፍ አመስነው።

ትኩስ ሳለ ለስለስ ቢል አትታለሉ። አንዲቱን አውጥቶ፣ አቀዝቅዞ መስበር ነው፤ ቀጭ ካለች ደርሷል፤ ከታጠፈች ግን ገና ነው። እኛም በሰፌድ ዘርግተን ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ከጠበቅን በኋላ፣ ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ከተትነው። (በምጣዱ ዙሪያ የተሰበሰቡት ታናናሾችዋ፣ ለሙከራ ነው እያሉ የበሉት ግን ቀላል አልነበረም።) የለዘዘውም ቢሆን አይጣልም፤ በለዘብተኛ እሳት ዳግመኛ ቢታመስና ቢቀዘቅዝ ይመለሳል።

ጣሳው በደረሰ ማግሥት ልጃችን ደወለች። ከእርስዋ ጋር የሚያድሩት ልጆች በአንድ ቡና እኩሌታውን ቆርጥመው እንደ ጨረሱት ነገረችን። ለሚቀጥለውም በርበሬው ቀነስ እንዲል አዘዘች።